ለመሬት ያልፈሰሰው ወተት

ካርቱም ውስጥ፣ ሐጅ ዩሱፍ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት የሁለት ዓመት ሕፃን በእኔ እጅ ልትሞት ነበር። በክፋት አላደረግሁትም። ነገር ግን ክፉ ሰው የሚያደርገውን አንድ ነገር አድርጌአለሁ፤ ምክንያቱን እያወቅሁ ሁለት ሰዓት ያህል ዝም ብያለሁ። የምጽፈው ስለ እነዚያ ሁለት ሰዓቶች ነው።

አስቀድሜ ያኔ ማን እንደነበርሁ ልናገር። ስሜ አየለ ነው። ትውልዴ ቋራ፣ ቆላው ውስጥ ነው። ሱዳን ስገባ ጎረምሳ ነበርሁ፤ አሁን ጢሜ ነጭ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። አማርኛ ማንበብ የተማርሁት ገዳሪፍ፣ ሰሊጥ እርሻ ላይ በቀን ሥራ ሳለሁ፣ ከአንድ አሮጌ ዳዊት ነው። ዐረብኛውን ደግሞ ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ለቃቅሜ ያዝሁት። ራሱን ያስተማረ ሰው አንድ ሕመም አለበት፤ ያልገባው ነገር ሁሉ የማይረባ ይመስለዋል። ያኔ ይህን ሕመም ጥበብ ነው ብዬ እኮራበት ነበር።

ልጆቼን ያሳደግሁት በቁጣ ነው። በዚህ ሙሉ በሙሉ አላፍርም፤ በስደት አገር ልጅን ቀጥ አድርጎ ማሳደግ ቀላል አይደለም። በቤቴ ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነበርሁ፤ ልጆች ይመልሳሉ። ጦርነቱ ሲጀመር ባለቤቴ ታናናሾቹን ይዛ ወደ መተማ ተሻገረች። እኔ ከታላቋ ልጄ ከሰናይት ጋር ቀረሁ። ሰናይት ነርስነት ስትማር ዩኒቨርሲቲው ተዘጋባት። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ወጣቶች በአንድ ባዶ ክፍል ውስጥ ባቋቋሙት የሕክምና ቦታ በነጻ ትሠራ ነበር። ካርቱም ተወልዳ ያደገች ስለሆነች አማርኛዋ ይሰናከላል፤ ስትቸኩል ዐረብኛው ይቀድማታል። እኔ በዚህም እቆጣት ነበር።

የምንኖረው ሐጃ ኑራ በሚባሉ ሱዳናዊት ሖሽ፣ ማለትም በጭቃ አጥር በተከበበ ሰፊ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ክፍል ተከራይተን ነው። ሐጃ ኑራ ባል የሞተባቸው፣ አፋቸው የማይዘጋ፣ ልባቸው የማይጠብ ሴት ናቸው። ከልጃቸው ከኢድሪስ፣ ከሚስቱ ከኢምቲሳልና ከትንሿ ሪታጅ ጋር ይኖራሉ። አንዲት ላም አለቻቸው። ጥቁር ስለሆነች ዘርጋ ይሏታል። ላሟን የምጠብቅም፣ የማልብም እኔ ነበርሁ፤ ወተቱን እንካፈል ነበር። በዚያ ወቅት የወተት ዱቄት ከገበያ ጠፍቷል። የኢምቲሳል ጡት በድንጋጤ ደርቋል። ሪታጅ የምታድገው በዘርጋ ወተት ነው ማለት ይቻላል።

ያች ላም በመዥገር ተወረረች። በጆሮዋ፣ በጅራቷ ሥር፣ ከሁሉ ይልቅ በጡቷ ዙሪያ እንደ ጉሎ ፍሬ ተነፍተው ተሰገሰጉባት። ጡቷ ቆሰለ፤ ላልብ ስቀርብ ትራገጣለች፤ ወተቷ ከግማሽ በታች ወረደ። የከብት መድኃኒት የሚሸጠው ሱቅ ከተዘጋ ወራት አልፎታል። የእንስሳት ሐኪሙም ቤተሰቡን ይዞ ከከተማ ወጥቷል። ሐጃ ኑራ አንድ ቀን ላሟ ፊት ቆመው፣ "ዐም አየለ፣ ይህች ከደረቀች ልጅቷን ምን እናጠጣታለን?" አሉኝ፤ ዐም አጎት እንደማለት ነው። "ኢንሻአላህ አትደርቅም፤ ለእኔ ተዉት" አልሁ።

አባቴ ቋራ ውስጥ የከብት መድኃኒት አዋቂ ነበር። እሱ የሚሠራባቸውን ተክሎች አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው በመርዝነታቸው ነው። ለመዥገርና ለእከክ የሚጠቀመው እኛ ቆላ ቶብያ የምንለውን፣ ሱዳኖች ዑሸር የሚሉትን ነበር። ካርቱምን የሚያውቅ ዑሸርን ያውቃል። ቆሻሻ በሚጣልበት ባዶ ቦታ ሁሉ ይበቅላል፤ ቅጠሉ ሰፊና አመዳም ነው፤ ፍሬው የተነፋ አረንጓዴ ፊኛ ይመስላል፤ ቅርንጫፉ ሲሰበር ነጭ ወተት ያንጠባጥባል። ፍየል እንኳ አይደፍረውም። የሱዳን እናቶች ልጆቻቸውን "አትንኩት፣ ዓይን ያጠፋል" እያሉ ያሳድጋሉ።

አባቴ መድኃኒቱን ሲያሳየኝ ሕጉን አብሮ ሰጠኝ። ረቡዕ ወይም ዓርብ፣ ፀሐይ ሳይወጣ፣ ከሰው ሳይነጋገሩ ይቆረጣል። ስሙ ለማንም አይነገርም፤ ከተነገረ ይረክሳል። የተቀባችው ላም ወተት ሦስት ቀን የመሬት ነው፤ እየታለበ ይደፋል። በሦስተኛው ቀን ጡቷ በእንዶድና በሙቅ ውሃ ይታጠባል። አባቴ ወተቱን የሚያፈስሰው ከበረታችን ጀርባ ባለ ድንጋይ ላይ ነበር፤ ሲያፈስስ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ለምን እንደሚያደርገው ጠይቄው አላውቅም። እሱም እንደ እኔ ያለ አባት ነበር፤ በቤቱ የሚጠይቀው እሱ ነበር።

እኔ ካነበብሁና ከበሰልሁ በኋላ እነዚህን ሕጎች በአእምሮዬ ለሁለት ከፈልኋቸው። ቀኑንና ዝምታውን ያዝሁ፤ ምክንያቱም አዋቂነት የሚከበረው በምሥጢር ነው። ወተቱን ለመሬት ማፍሰሱን ግን ጣልሁት። በድንጋይ ላይ ወተት ማፍሰስ የባዕድ አምልኮ ርዝራዥ ነው፤ አባቴ ስላልተማረ አላወቀም ብዬ ፈረድሁ። አስተውሉ፤ የጠቀመኝን ክብር አስቀርቼ፣ ወተት የሚያስከፍለኝን ሕግ ነው አጉል እምነት ያልሁት።

በአንድ ረቡዕ ንጋት ላይ ከሖሹ ወጣሁ። ከባዶው ሜዳ ዑሸሩን ቆረጥሁ፤ ወተቱን በቆርቆሮ ጣሳ ተቀበልሁ፤ ቅጠሉን ወቅጬ ከአመድና ከሰሊጥ ዘይት ጋር ለወስሁት። ስመለስ ሰናይት ፊቷን እየታጠበች ነበር። ጣሳውን አየችና ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ዝም አልኋት። ደግማ ስትጠይቅ፣ "ላም ስታክሚ ያን ጊዜ ትጠይቂያለሽ" ብዬ ወደ ሕክምና ቦታዋ ሰደድኋት።

የጠዋቱን ወተት ካለብሁ በኋላ ላሟን አስሬ ጆሮዋን፣ የጅራቷን ሥር፣ ጡቷን በሙሉ ቀባሁ። እውነቱን ለመናገር መድኃኒቱ ሠራ። ከቀትር በኋላ መዥገሮቹ አንድ በአንድ እየረገፉ መሬት ላይ ይፍጨረጨሩ ጀመር። ዘርጋም ቀና ብላ አመነዠከች። ሐጃ ኑራ እጃቸውን አጨብጭበው መረቁኝ፤ መድኃኒቱን ሲጠይቁኝ ፈገግ ብዬ ዝም አልሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የኮራሁበትን ቀን አላስታውስም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጡቷን በቀዝቃዛ ውሃ አጥቤ አለብኋት። እንዶድ ካርቱም የለም። የዑሸር ወተት ከዘይት ጋር ሲደርቅ እንደ ሙጫ እንደሚይዝና በውሃ ብቻ እንደማይለቅ አላሰብሁም። ወተቱን ለኢምቲሳል ሰጠኋት። አፈላችው፤ ለሪታጅ አንድ ኩባያ ሞልታ ሰጠቻት፤ ለሐጃ ኑራ በሻይ ላይ ጠብ አደረገችላቸው። ሐጃ ኑራ ሻይ እንድጠጣ ጠሩኝ።

"ረቡዕ ነው፣ ሐጃ፤ ጾም ነው" አልኋቸው።

"ወይ ያንተ ረቡዕና ዓርብ!" ብለው ሳቁ። "ላሟን ስታልብ ትውላለህ፤ ወተቷን ግን እንደ ጠላት ትሸሸዋለህ። የእኛ ረመዳን ይሻላል፤ ማታ ቢያንስ ይበላል።"

ሳቅን። ልጅቷ ኩባያዋን ጨርሳ ከንፈሯን ላሰች።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሪታጅ አስታወከች። መጀመሪያ ወተቱን፣ ከዚያ ቢጫ ውሃ፣ ከዚያ ባዶ አንጀቷን። ሐጃ ኑራም ሆዳቸውን ይዘው አንገሬብ አልጋቸው ላይ ተጋደሙ። እኔ ከበረቱ አጠገብ ቆሜ ነበር። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስታውክ፣ አባቴ ወተት የሚያፈስበት ድንጋይ ዓይኔ ላይ መጣ። ተጠራጠርሁ አልልም። አወቅሁ።

ኢድሪስ ልጁን በጨርቅ ጠቅልሎ አቀፋት፤ ኢምቲሳል ከኋላው ሮጠች። ረክሻ አልነበረም፤ ነዳጅ ከጠፋ ሰንብቷል። እኔም ተከተልኋቸው። ወደ ሕክምና ቦታው በሚወስደው መንገድ መታጠፊያ ላይ የፍተሻ ኬላ ነበር። ወታደሩ ልጅቷን አይቶ ሊያሳልፈን ሲል ዓይኑ እኔ ላይ አረፈ። መታወቂያዬን ጠየቀኝ። ቢጣቃዬ ጊዜው ያለፈበት ነበር፤ የሚያድሰው መሥሪያ ቤት ተዘግቷል።

"ይህ ሐበሻ ምን ያደርጋል ከእናንተ ጋር?" አለው ኢድሪስን።

"ዐሚ ነው" አለ ኢድሪስ፣ ሳይቆም። "ከእኛ ነው። ያላ፣ ልጄ እየሞተች ነው።"

አለፍን። ያ ቃል ከኋላዬ እንደ ድንጋይ ወርዶ ጀርባዬን መታኝ። ያን ጊዜ ቆሜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርሁም።

ሕክምና ቦታው ውስጥ ዶክተሮቹ ከሄዱ በኋላ የቀረ አንድ የሕክምና ረዳት ነበር፤ ሙሳዒድ ዑመር ይሉታል። ከእሱ ጋር ሰናይት ነበረች። ልጅቷን ጠረጴዛ ላይ አስተኟት። ዑመር ምን እንደበላች ጠየቀ። ኢምቲሳል ዳቦና ወተት፣ ወተቱንም አፍልታው እንደነበር ተናገረች። ውሃስ ከየት ትጠጣለች? ከጉድጓድ። በዚያ ወቅት ሰው ሁሉ የሚፈራው ውሃውን ነበር።

"ውሃው ነው" አልሁ እኔ። "ሰሞኑን ሽታው ተለውጧል።"

ይህ ሐሰት አልነበረም። የጉድጓዱ ውሃ በእርግጥ ይሸት ነበር። እውነተኛ ነገር ተናግሮ መዋሸት እንደሚቻል የተማርሁት ያን ቀን ነው።

ጨውና ስኳር በጥብጠው በማንኪያ ያጠጧት ጀመር። ታስታውከዋለች፤ ይደግሙላታል። እኔ ከበሩ ውጭ፣ የግድግዳው ጥላ ሥር ቆምሁ። ለራሴ የነገርሁት ምክንያት መሐላዬን ነበር፤ የመድኃኒት ስም አይጠራም፤ አባቴ አስሮኛል አልሁ። ሌላም አልሁ፤ መጠኑ ጥቂት ነው፤ ካስታወከችው ይወጣላታል። ከዚህ ሁሉ በታች ግን ያሰረኝ ፍርሃት ነበር። አንድ ሐበሻ፣ ጊዜው ባለፈ ቢጣቃ፣ በጦርነት ከተማ፣ የሱዳናዊት ልጅ በመርዝ ተክል አሳመመ። እሱና ልጁ ያን ቀን ከወተቱ አልቀመሱም። በጾም ምክንያት ነው ቢባል ማን ያምናል? ከፍርሃቱም በታች ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን መጻፍ ከሁሉ ይከብደኛል። ከቀትር በኋላ የተጨበጨበልኝ አዋቂ፣ ከመምሸቱ በፊት አላዋቂ መባል አልፈለግሁም።

ፀሐይዋ ዝቅ እያለች ነበር። ውስጥ ማንኪያው ከኩባያው ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል፤ ከዚያ የልጅቷ ማቃሰት፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ሰናይት ወጣች። እጇ በጓንት ነበር።

"አባዬ፣ የውሃ በሽታ አይደለም" አለችኝ። "ተቅማጥ የላትም። ልቧ ደግሞ ቀስ ነው የሚለው። የዚህ ዕድሜ ልጅ በደቂቃ መቶ ምናምን ነው መምታት ያለበት። የእሷ ሃምሳ ስምንት ነው። ዑመር ምን እንደሆነ አያውቅም፤ ካላወቀ መርፌ አይወጋም። ላሟን ምንድን ነው የቀባሃት?"

"እዚህ የሚነገር አይደለም።"

"ጣሳው ውስጥ ነጭ ነገር ነበር።"

"ሰናይት፣ ግቢ" አልኋት።

አልገባችም። እንዲህ ፊቴ ስትቆም የመጀመሪያዋ ነው። "እኔ አንተን እንዳልጠይቅ ነው ያሳደግከኝ" አለች። አማርኛው ሲያጥራት ቆም ብላ ፈለገችው። "እሺ ብያለሁ ሁልጊዜ። ዛሬ ግን ካልነገርከኝ እኔ ገብቼ፣ አባቴ መርዝ ቀብቷል፣ ስሙን ደብቋል ብዬ እናገራለሁ። ወላሂ እናገራለሁ።"

እጄን አነሣሁ። ልመታት ነበር፤ አልክድም። ልጄ ፊቷን አላዞረችም። በሩ ክፍት ስለነበር በትከሻዋ ላይ አሻግሬ የሪታጅን እግር አየሁ። ከጠረጴዛው ጫፍ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ጫማዋ አንዱ ወልቋል። እጄ ወረደ። ሰናይትን ገለል አድርጌ ገባሁ። አባቴ ከሞተ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ያን ጊዜ ግን ሬሳውን ረግጬ የምገባ መሰለኝ። ሁሉም እንዲሰሙት በዐረብኛ ተናገርሁ።

"ዑሸር ነው። ላሟን የቀባኋት በዑሸር ነው። ወተቱ ውስጥ ገብቷል።"

ዑመር ቀና አለ። የት የት እንደቀባሁ፣ ጡቱን በምን እንዳጠብሁት፣ ልጅቷ ስንት ኩባያ እንደጠጣች ጠየቀኝ። መለስሁለት። ስድብ አልተናገረም፤ ወደ ሳጥኑ ዞሮ ሲበረብር፣ የዑሸር ወተት ልብን እንደሚያቀዘቅዝና ለዚያ የሚሆን መርፌ እንዳለው ለሰናይት ነገራት። አትሮፒን የሚባለው ነው፤ ሁለት ብልቃጥ ብቻ ቀርቶት ነበር። አንዱን ሰብሮ ወጋት።

ኢድሪስ ከልጁ አጠገብ ተንበርክኮ ነበር። ተነሣ። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ እንደዚያ ቀን ግን በልጦ ታይቶኝ አያውቅም።

"እናንተ ቤት ዛሬ ወተት አልተጠጣም" አለ፣ ቀስ ብሎ።

"ረቡዕ ስለሆነ ነው፤ ታውቃለህ።"

"ረቡዕ እንደማትጠጡማ አውቃለሁ። ለምንድን ነው ታዲያ መድኃኒቱን ለረቡዕ ያደረግኸው?"

አባቴ ረቡዕ ወይም ዓርብ ስላለ ነው። ለምን እንዳለ ግን የገባኝ ገና ያችን ደቂቃ፣ ከኢድሪስ አፍ ጥያቄው ሲወጣ ነበር። በአባቴ መንደር በረቡዕና በዓርብ ወተት የሚጠጣ ሰው የለም። የመጀመሪያው ቀን፣ መርዙ የሚበረታበት ቀን፣ ማንም ረስቶ እንዳይሳሳት በጾም ታጥሮ ነበር የተቀመጠው። ያን አጥር ይዤ ጾመኞች ወደማይኖሩበት ግቢ መጣሁ። አጥሩ እኔን ብቻ ከለለኝ።

"አላወቅሁም" አልሁት።

"ኬላው ላይ ከእኛ ነው ብዬ አሳልፌሃለሁ" አለ ኢድሪስ። "ተመልሼ ሄጄ፣ ተሳስቼ ነበር ልበለው?"

ሰናይት የልጅቷን እጅ አንጓ ይዛ እየቆጠረች ነበር፤ ራሷን አላነሣችም። ኢድሪስ ኬላው ላይ አንድ ቃል ቢናገር የምወሰደው እኔ ብቻ አልነበርሁም፤ እሷም ጭምር ናት።

"ስልሳ ስድስት" አለች ሰናይት። ቆይታ ደግሞ፣ "ሰባ አራት።"

ኢድሪስ ተመልሶ ተንበረከከ።

ሁለተኛውንም ብልቃጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሰጧት። ያን ሌሊት ማንም አልተኛም፤ እኔም ከግድግዳው ሥር አልተነሣሁም። ሲነጋ ልጅቷ ውሃ ጠየቀች። ኢምቲሳል በማንኪያ ሰጠቻት፤ ውስጧ ቀረ። ያኔ ነው ያለቀስሁት፤ ሰው እንዳያየኝ ወደ ግድግዳው ዞሬ።

ወደ ሖሹ ስንመለስ ሐጃ ኑራ አንገሬባቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ፊታቸው ገርጥቷል። ኢድሪስ ከግቢው እንድንወጣ ይፈልግ ነበር፤ ተናገረም። ሐጃ ኑራ በእጃቸው ዝም አሰኙት።

"አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ" አሉኝ። "ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?"

ይህን ጥያቄ ፈርቼ ነበር። ሕክምና ቦታው ደርሼ አስታወስሁ ብል ማንም አያጋልጠኝም። ሰናይት እንኳ አታውቅም። ሰናይት አጠገቤ ቆማለች።

"ከመጀመሪያው ትውከት ጀምሮ" አልሁ።

ኢድሪስ መሬት ላይ ተፋ። ሐጃ ኑራ ቀና ብለው ተመለከቱኝ። ሠላሳ ዓመት የሰማሁት ቀልዳቸው ከፊታቸው ላይ አንድም አልነበረም።

"ውሸት ብትመልስልኝ አስወጣህ ነበር" አሉ። "እውነቱም ልቤን አላሞቀውም። ሙሳዒዱ ላሟ ሳምንት ሙሉ ወተቷ ይደፋ ብሏል። አንተ ታልበዋለህ፤ አንተ ታፈስሰዋለህ። ከዚያ በኋላ ከዚህች ላም የሚታለበውን ሁሉ መጀመሪያ የምትጠጣው አንተ ነህ። እኛ እያየንህ። የትኛውም ቀን ይሁን።"

ሳምንት ሙሉ ጠዋትና ማታ አለብሁ፤ ከበረቱ ጀርባ መሬቱን ቆፍሬ አፈሰስሁት። ወተት ያጣ ሰፈር ውስጥ ወተት ማፍሰስ ምን ያህል እንደሚያም ያፈሰሰ ብቻ ያውቃል። ኢምቲሳል በእነዚያ ቀናት አላነጋገረችኝም፤ ለልጅቷ ማሽላ አቅጥና ታጠጣት ነበር። የዘርጋ ጡት ግን ዳነ። መዥገር የሚባል አልቀረባትም።

ሳምንቱ የሞላው ረቡዕ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አለብሁ። ኢምቲሳል ወተቱን አፍልታ በኩባያ ይዛ መጣች፤ ሪታጅን በሌላው ክንዷ ታቅፋለች። ከፊቴ ቆመች።

"ዐሚ፣ ረቡዕ መሆኑን አውቃለሁ" አለችኝ። ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

ራሴን ካወቅሁ ጀምሮ ረቡዕና ዓርብን ሽሬ አላውቅም። ሰሊጥ እርሻው ላይ ወድቄ በወባ ስንቀጠቀጥ እንኳ አልሻርሁም። ሰናይት ከክፍላችን ደጃፍ ታየኝ ነበር፤ ትንሽ ሆና ረቡዕ ቀን አይብ ስለቀመሰች የገረፍኋት እኔ ነኝ። ኩባያውን ተቀብዬ እስከ ታች ጠጣሁት። ኢምቲሳል ባዶውን ኩባያ ተቀብላ አልሄደችም። ፊት ለፊቴ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ልጅቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ፊቴን እያየች ቆየች። አንድ ሰዓት ይሆናል። ሪታጅ በጫማዬ ክር ትጫወት ነበር። ከዚያ ኢምቲሳል ተነሥታ፣ ገብታ፣ ለልጇ ቀዳችላት።

አንባቢዎቼ፣ ከእናንተ መካከል ጾሙን መሻሬን የሚኮንን ይኖራል። ይኮንን። ለንስሐ አባቴ ነግሬአለሁ፤ ቀኖናዬንም ተቀብያለሁ። ነገር ግን በዚያ ኩባያ አላዝንም። የማዝነው ከእሱ በፊት በነበረው ሳምንት ጾሜ ነው፤ አፌን ከወተት ስከለክል ከእውነትም አብሬ ስለዘጋሁት።

ዑሸርን አትርገሙት። ያች ላም የዳነችው በእሱ ነው። አባቶቻችን መርዙን ለከብት መድኃኒት ያደረጉት ልኩን፣ ቦታውንና ቀኑን ስላወቁ ነው። ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ሕጉን ሰጡን እንጂ ምክንያቱን አልሰጡንም። የእኔ ጥፋት ግን ይብሳል። አባቴ ከንቱ ነገር አስተምሮኝ ሳይሆን፣ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ "ለምን?" ሳልለው፣ ያልገባኝን እንደ ቆሻሻ ጣልሁት። ልጆቼም እንዳይጠይቁኝ አፋቸውን ዘጋሁ። የአባታችሁን ሕግ መጣል ከፈለጋችሁ ጣሉት፤ ግን በመጀመሪያ ለምን እንደተሠራ እወቁ። ልታውቁ ካልቻላችሁ ሌላ ሰው ሊጎዳ በሚችልበት ቦታ አትጣሉት። የምታውቁትንም ለመከበር ብላችሁ አትደብቁ፤ ሰው በእጃችሁ ሲታመም ምሥጢር የሚባል ነገር የለም።

አሁን የአባቴን መድኃኒቶች በደብተር እያስጻፍሁ ነው። የምትጽፈው ሰናይት ናት። በአማርኛ ፊደል ስለሚያዘግማት በዐረብኛ ትጽፈዋለች፤ ዝም ብያታለሁ። እኔ የተክሉን ስም፣ የሚቆረጥበትን ቀንና መጠኑን እናገራለሁ። እሷ ትጽፍና ብዕሯን አንሥታ፣ "ለምን ቅዳሜ? ለምን በግራ እጅ? ለምን ሽል ላላት ላም አይሰጥም?" ትለኛለች። ከአሥራ ዘጠኙ መድኃኒቶች የአራቱን መልስ ብቻ ነው የማውቀው።

በቀሩት ላይ "አላውቅም" እላታለሁ። ልጄ ይህን ቃል ከአፌ ስትሰማ መጀመሪያ ቀና ብላ አየችኝ። አሁን ለምዳዋለች፤ እሱንም ከሥሩ ትጽፈዋለች።